ልጄን ስጠብቅ የለጠፍሁት የአበባ ወረቀት

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ ከትልቁ ረሃብ በኋላ ዝናብ በተመለሰ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ቦታው ላሊበላ፣ የራሴ ቤት ነው። ልጄ ከጦር ግንባር በፈቃድ ይመጣል ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ክፍሉን በአበባ ወረቀት ሳስጌጥ ዋልሁ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ልጄ መሞቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔ አላውቅም ነበር።

በዚያ ዘመን ልጁን በእጁ ያልቀበረ፣ መቃብሩንም ያላየ አባት በአገራችን ሞልቶ ነበር። የእኔ ሐዘን ከሌላው ሐዘን አይበልጥም። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው በእነዚያ ቀናት ያደረግሁትና የተናገርሁት ነው። ጥፋቴን ደብቄ የሌላውን ደግነት ብቻ ብጽፍ ውሸት ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ካሣ እባላለሁ፤ ሙያዬ ግንበኝነት ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ትልቅ ሰው ከሆንሁ በኋላ፣ በሥራ ቦታ ጥርብ ድንጋይ ላይ በከሰል እየጻፍሁ፣ በራሴ ጥረት ነው። ማንበብና መጻፍ ከቻልሁ በኋላ ግን የሰፈሩ ደብዳቤ ጸሐፊ ሆንሁ። የቅሬያችንም ጸሐፊ እኔ ነበርሁ። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር እድር የሚለውን፣ ሰው ሲሞት የሚቀብረውንና ቤተሰቡን የሚያጽናናውን ማኅበር ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት የሰፈራችን ሴት የወንድሟን ሞት ገበያ መሐል ከአንድ ግድየለሽ ሰው አፍ ሰማች። እየጮኸች ስትሮጥ ከእርከን ላይ ወድቃ ወገቧ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ስለ መርዶ ደንብ ይውጣ ተባለና ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ሞቱ ከሩቅ አገር የተሰማ እንደሆነ ልጆች፣ እኅት ወንድምና የነፍስ አባት ሳይሰበሰቡ ለቤተሰቡ እንዳይነገር፤ ሲነገርም በማለዳ፣ በገዛ ቤታቸው፣ ቁጭ ካሉ በኋላ እንዲሆን ጻፍሁ። ሰው ሁሉ ተስማማ። ከዚያ ወዲህ መርዶ በሚነገርበት ቤት ሁሉ ከሚሄዱት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርሁ።

ልጄ ምስጋናው ይባላል። ከእሱ ሌላ ጋሸና ያገባች የሺ የምትባል ሴት ልጅ ነበረችኝ። ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነበር።

የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ በመጣ ጊዜ ብዙ ሰው ልጁን ደበቀ። ባለቤቴ ጥሩዬ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በነአኩቶ ለአብ ገዳም አካባቢ፣ ወንድም ነበራት። «ይህ ነገር እስኪያልፍ እሱ ዘንድ ይሰንብት» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። እኔ እንቢ አልሁ። «የሰው ልጅ እየሄደ የእኔ ልጅ እንደ ሌባ ዋሻ አይገባም» አልኋት።

በነጋታው ራሴ እጁን ይዤ ቀበሌ ወስጄ አስረከብሁት። ልጁ መዝገቡ ላይ ሲፈርም ብቻ ዞር ብሎ አየኝ። ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ሰዉም «ካሣ ቀጥ ያለ ሰው ነው» አለ። ያን ጊዜ ይህ ምስጋና ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

በሄደ በሁለተኛው ዓመት፣ ነሐሴ ላይ አንድ ወታደር ደብዳቤና የተጠቀለለ ወረቀት አመጣልን። ወረቀቱ ስፋቱ ስንዝር የማይሞላ፣ ርዝመቱ ግን የአንድ ክፍል ግድግዳ የሚዞር ነው። ነጭ መደቡ ላይ ሰማያዊ አበባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተያይዟል። ምስጋናው በደብዳቤው እንዲህ አለ፤ እሱና ጓደኞቹ አስመራ ውስጥ አንድ መኮንን ቤት ቀለም ሲቀቡ ውለው ከወረቀቱ የተረፈውን ሰጧቸው። እዚያ አገር ሰው ከግድግዳው ጫፍ፣ ከኮርኒሱ ሥር ዙሪያውን ይለጥፈዋል። «እርስዎም እቤታችን ቢለጥፉት ያምርልዎታል» ይላል።

እኔ «ለወታደር አበባ ምን ያደርግለታል?» ብዬ ሳጥን ውስጥ ጣልሁት። ለደብዳቤውም መልስ አልጻፍሁም።

ታኅሣሥ ላይ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። «ከጥምቀት በኋላ የአሥራ አምስት ቀን ፈቃድ ትወጣላችሁ ብለውናል። ያች ወረቀት ደረሰችዎ ወይ? ለጥፈዋት ከሆነ ስመጣ አያታለሁ» ይላል። ለጥሩዬ ጮክ ብዬ አነበብሁላት። ከዚያ እሷ ስትወጣ ለራሴ ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብሁት። ያች «ደረሰችዎ ወይ» የምትለው ቃል ከበደችኝ። ልጁ ከነሐሴ ጀምሮ መልስ ሲጠብቅ ኖሯል። ለዚህኛውም ቢሆን አልመለስሁም። ሊመጣ ነው፣ በአፌ እነግረዋለሁ አልሁ።

እሱ ከሄደ በኋላ ከቤቱ ጋር አያይዤ ባለ ቆርቆሮ ክፍል ሠርቼ ነበር። ግድግዳውን ጋዜጣ ለጥፌበት፣ ከላይ አቡጀዲ ኮርኒስ ወጥሬበት ነበር። ለማን እንደሠራሁት ለማንም አልተናገርሁም፤ ጥሩዬ ግን ታውቅ ነበር። ጥምቀት እንዳለፈ ወረቀቱን ከሳጥን አወጣሁ። ሰኞ ልለጥፍ፣ ማክሰኞ ማለዳ በጭነት መኪና ጋሸና ሄጄ ልጄን መንገድ ላይ ልቀበል አሰብሁ።

ሰኞ ጠዋት ሲባጎዬን ስፈታ ጎረቤታችን ደሳለ ከች አለ። ደሳለ ለጎብኚ የሚሸጥ ትንንሽ መስቀል የሚጠርብ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው።

«አያ ካሣ፣ ጥምቀት እኮ አለፈ፤ ቤቱን ገና አሁን ሊያጠምቁት ነው?» አለኝ።

«ሥራ ከፈታህ ሂድና መስቀልህን ጥረብ» አልሁት።

«ለማን? ጎብኚው ጦርነቱን ፈርቶ ቀረ። ጠርቤ ጠርቤ ቤቴ ገዳም መሰለ። ይልቅ አንዱን ጫፍ እኔ ልያዝልዎ።»

ገረመኝ። ደሳለ ከዚያ በፊት የማንንም ጭቃ አቡክቶ አያውቅም። «በል ያዝ፤ ዛሬ ጨርሼ ነገ ወደ ጋሸና ነኝ» አልሁት።

«ጋሸና? ነገ?» አለና ወረቀቱን ተቀብሎ ዘርግቶ አየው። «ይሄማ በአንድ ቀን አያልቅም» አለ።

«በአንተ እጅ ከሆነ አያልቅም» አልሁ።

ማጣበቂያው የስንዴ ዱቄት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው መንደር ሰው በዱቄት እጦት ሲሞት አይተናልና ዱቄት ግድግዳ ላይ መቀባት ከበደኝ። ጥሩዬ ግን «ለልጄ ነው፤ እግዜር አይቆጣም» ብላ አንድ ጣሳ ዱቄት በውሃ በጥብጣ እሳት ላይ አማሰለችው። እስኪበርድ እኔ በውኃ ልክ ለክቼ፣ ሲባጎውን በከሰል አጥቁሬ ግድግዳው ላይ መስመር መታሁ። በርሜል ላይ ጣውላ አጋድመን ወጣን፤ እኔ በአንድ ጫፍ፣ ደሳለ በሌላው። ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ሳንነጋገር ለጠፍን።

ደሳለ ወርዶ በሩ ላይ ቆመና አንገቱን አዘነበለ። «አያ ካሣ፣ ወርዷል» አለ።

«ምኑ?»

«ቀኝ ጫፉ። አንድ ጣት ወርዷል።»

ውኃ ልኩን ደግሜ አስደገፍሁት። «ይኸው ልክ መሐሉ ላይ ነው። ምን ወረደ ትላለህ?»

«መሣሪያው ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያየው፤ ሰው የሚያየው ከኮርኒሱ ጋር ነው። ምስጋናው ውኃ ልክ ይዞ አይመጣ። በዓይኑ ነው የሚያየው» አለኝ።

በሌላ ቀን ቢሆን በዓይኑ ከሚለካ ሰው ጋር አልከራከርም ነበር። ሃያ ዓመት ግድግዳ ያቆምሁት በመሣሪያ እንጂ በሰው ወሬ አይደለም። ያን ቀን ግን «ምስጋናው በዓይኑ ያየዋል» የሚለው ነገር አሸነፈኝ። ለልጄ እንከን ያለበት ነገር ልሰጠው አልፈለግሁም። ወረቀቱን ቀስ ብለን ላጥነው። ሲላጥ ከሥሩ ያለውን ጋዜጣ ይዞ ተነሣ። ያን ስንጠግን፣ የተጠገነው እስኪደርቅ ስንጠብቅ፣ ቀኑ መሸ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ገና ሳይመሽ፣ የቅሬው ዳኛ አያ ሞላ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እኩያዬ ነው፤ ስንገናኝ መተራረብ ልማዳችን ነበር። ያን ቀን ወረቀቱን ቀና ብሎ አየና «በርታ ካሣ፤ ጥሩ ነው» ብሎ ሄደ። ሥራዬን አይቶ የተደነቀ መሰለኝ።

«እንግዲህ ነገ ጨርሰው ረቡዕ ይሄዳሉ» አለኝ ደሳለ ሲወጣ። ተናድጄ ሲባጎዬን ጠቀለልሁ።

ማክሰኞ ጠዋት የላጥነውን መልሰን ለጠፍን። ቀጥሎ የግራውን ግድግዳ ስንለካ ቢላዋው በደሳለ እጅ ነበር። አንድ ክንድ ያህል አሳጥሮ ቆረጠው። ወረቀቱ ከልጄ የመጣ ነው፣ ሌላ ከየትም አይገኝም። ደሜ ፈላ።

«እጅህ ይቆረጥ!» አልሁት። «ከትናንት ጀምሮ ታበላሽብኛለህ። ልጅ መጠበቅ ምን እንደሆነ የት ታውቅና!»

ደሳለ በረሃቡ ዓመት የስምንት ዓመት ሴት ልጁን ቀብሯል። መቃብሯን ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነኝ። ይህን እያወቅሁ ነው የተናገርሁት። ከአፌ እንደወጣ ሰማሁት፤ ሆኖም ቃሌን መመለስ የማላውቅ ሰው ነበርሁ።

ደሳለ ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ልክ ነዎት አያ ካሣ» አለ። እጄን ልታጠብ ብሎ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰና የወረቀቱን ጫፍ እንደገና ያዘ።

ማጣበቂያው አለቀና ጥሩዬ ዱቄት ልትበደር ወደ ደሳለ ቤት ሄደች። ቆየች። ስትመጣ ፊቷን እንኳ ቀና ብዬ ሳላይ «ቶሎ በይ፣ ቀኑ ሄደብን» አልኋት። እሳቱ ዘንድ ቁጭ ብላ ማማሰል ጀመረች።

ከቀትር በኋላ ከደሳለ ጋር ጣውላው ላይ ቆመን አንደኛውን ማዕዘን ስናዞር ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ነገር ነገርሁት። ምናልባት ጠዋት ስለተናገርሁት ነገር ልቤ ስለወቀሰኝ ይሆናል። «ምስጋናው ሲመጣ እዚህ አስቀምጨው የምለው ነገር አለኝ» አልሁት።

«ምን ይሉታል?» አለ ደሳለ፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳያነሣ።

«በገዛ እጄ አሳልፌ ሰጥቼሃለሁ፤ ስለ እውነት ብዬ ነው ያልሁት፣ ግማሹ ግን ስለ ስሜ ነበር። እናትህ እያለቀሰች አልሰማኋትም። ይቅር በለኝ። ይህን ነው የምለው።»

ደሳለ የማዕዘኑን እጥፋት በጣቱ ጫን አደረገ። ከዚያ በቀስታ «ለምን አልጻፉለትም?» አለኝ።

«እንዲህ ያለ ነገር በደብዳቤ አይሆንም፤ ዓይን ለዓይን መተያየት ያስፈልጋል» አልሁት። ደሳለ በእጁ መዳፍ አበባውን ደጋግሞ ይዳብስ ነበር።

ረቡዕ የቀረው ከበሩ በላይ ያለው ክፍት ብቻ ነበር። ባጠረችው ቁራጭ ላይ አበባው እንዲገጥም ስንቀጥል ወረቀት ስለባከነ ስንዝር ተኩል ያህል ባዶ ቀረ። እኔ ይቅር ብዬ ልተወው ነበር። ወደ ጋሸና የሚወጣ ጭነት መኪና እንዳለ ሰምቼ ነበርና ካቦርቴን ለብሼ ነበር።

«በር ላይ ስለሆነ ሲገባ አያየውም» አልሁ።

«ሲገባ አያየውም» አለ ደሳለ። «አልጋው ላይ ጋደም ሲል ግን የሚያየው እሱን ነው። ከሁሉ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ነው።»

ካቦርቴን አወለቅሁ። ከጠርዝ የተራረፈውን ቅዳጅ ሰብስበን፣ አበባዎቹን አንድ በአንድ በመቀስ ቆርጠን፣ ቅጠሉን ከቅጠሉ እየገጠምን ክፍቱን መሙላት ጀመርን። ሥራችን ላይ ሳለን የመኪናው ድምፅ ዳገቱን ይዞ ሲርቅ ሰማሁ። ደሳለም ሰማው። እጁ ላይ የነበረችውን አበባ ለጥፎ ትልቅ ትንፋሽ አወጣ። እኔ የድካም መሰለኝ።

አመሻሽ ላይ አበባው ዙሪያውን ገጠመ። እውነቱን ለመናገር ያማረ ሥራ ነበር። ጥሩዬን ጠርቼ አሳየኋት። ክፍሉ መሐል ቆማ ቀስ ብላ አራቱንም ግድግዳ ዞራ አየች። «ቆንጆ ነው» አለችና ወጣች። ሥራዬን ያቃለለች መስሎኝ ትንሽ ቅር አለኝ።

ሐሙስ ገና ሲነጋ የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁና ወጣሁ። ከፊት አያ ሞላ ነበር። ከጎኑ ለሱባኤ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሄደው የነበሩት የነፍስ አባታችን አሉ። ቆቦ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜም አለ። ከኋላቸው ልጄን የሺን አየሁ። ከጋሸና መጣች ማለት ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ደስታ ነበር።

«ምስጋናውስ? አብሮሽ አልመጣም?» አልኋት።

የሺ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

አያ ሞላ ክንዴን ያዘኝ። «ካሣ፣ ወደ ቤት ግባና ቁጭ በል» አለኝ።

ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ደንቡ ውስጥ የጻፍሁት እኔ ነኝ። መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ «ወደ ቤት ግቡና ቁጭ በሉ» እንዲል፣ ከዚያ በፊት አንድም ቃል እንዳይናገር ብዬ ጽፌያለሁ። በስንት ሰው በር ላይ ቆሜ እኔም ብዬዋለሁ። ቁጭ ከማለቴ በፊት ሁሉም ነገር ገባኝ።

«መቼ ሰማችሁ?» አልሁ።

«እሑድ» አለ አያ ሞላ።

እሑድ ማለት ደሳለ ሊያግዘኝ ከመምጣቱ በፊት ያለው ቀን ነው። ዞሬ ፈለግሁት። ከሰው ሁሉ በኋላ አጥሩን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅጡ አላስታውስም።

በኋላ እንደነገሩኝ፣ አብሮት የነበረ አንድ የእኛ አገር ወታደር ቆስሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ እሑድ ወደ ማታ ለአያ ሞላ ነገረው። ልጄ የሞተው ከገና በፊት ነው። እኔ ሁለተኛውን ደብዳቤ ሳነብ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም።

ለቅሶው የተቀመጠው በዚያው ክፍል ነው፤ ከቤቱ ሰፊው እሱ ነበር። ወንዶቹ ጋዜጣውን ተደግፈው ዙሪያውን ተቀመጡ፤ አበባው ከራሳቸው በላይ ነበር። ከሩቅ ገጠር የመጣ አንድ ዘመዳችን ቀና ብሎ አይቶ «ይህ ቤት ሠርግ ተደግሶበት ነበር እንዴ?» አለ። 

አርባው ካለፈ በኋላ ደሳለ ቤት ሄድሁ። ደጁ ላይ መስቀል ይጠርብ ነበር። ብድግ ብሎ በርጩማውን ሰጠኝ፣ እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ሰኞ የለጠፍነው ቀጥ ያለ ነበር?» አልሁት።

«ቀጥ ያለ ነበር።»

«የተቆረጠውስ?»

«አውቄ ነው ያሳጠርሁት። አያ ሞላ፣ ‹ካሣ ጋሸና መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ለብቻው፣ ከማያውቀው ሰው አፍ እንዳይሰማ፤ የሺና ወንድሙ እስኪደርሱ እንደምንም ያዘው› አለኝ። አንቱን በምን እይዝዎታለሁ? በገመድ አላስርዎ። የነበረኝ ያ ወረቀት ብቻ ነው።»

የመጣሁበት ነገር ግን ገና ነበር። በዕድሜዬ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እንደምንም አድርጌ፣ «ስለ ልጅህ የተናገርሁት… ይቅር በለኝ» አልሁ።

ደሳለ መሮውን አስቀመጠ። «ያን በማለትዎ ነው የተረፍሁት» አለኝ።

«እንዴት?»

«ከሰኞ ጀምሮ ማልቀስ ፈልጌ ሰበብ አጥቼ ነበር። ሰበብ ሰጡኝ። ወጥቼ ለሁለቱም አለቀስሁ» አለ። ከዚያ ፈገግ ሊል እየሞከረ፣ «ግን እጅህ ይቆረጥ ያሉት አልተቆረጠም፤ ይኸው» ብሎ እጁን አሳየኝ። ከለቅሶው በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሳቄ መሐል ላይ ተለወጠብኝ።

ጥሩዬ ደግሞ እውነቱን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ደርግ ከወደቀ ወዲህ ነው። አንድ ቀን ቁጭ ብለን ያለፈውን ስንጨዋወት፣ ስለዚያ ሳምንት ተነሣና «እኔ ማክሰኞ ነው ያወቅሁት» አለችኝ።

ዱቄት ልትበደር በሄደች ጊዜ የደሳለ ሚስት ስትሰፍርላት ቀና ብላ አላየቻትም። ጥሩዬ ወደ ጓዳ ዘልቃ ስታይ የቅሬው ድስትና ጋን ተደርድሯል። በሰፈራችን የሞተ ሰው አልነበረም። «የማን ለቅሶ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሴትየዋ መስፈሪያውን አስቀምጣ እጇን ያዘቻት። በዚያው ገባት።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ደንቡን ማን ጻፈው?» አለችኝ።

«ደግሞም ታንጎራጉር ነበር» አለች ቆይታ። «አንተ ላታውቀው ትችላለህ። ጣውላው ላይ ቆመህ፣ እየለጠፍህ፣ ታንጎራጉር ነበር። በኖርንበት ዘመን ሁሉ ስታንጎራጉር የሰማሁህ ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንጀቴ እንቢ አለኝ።»

ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት የልጇን ሞት ለብቻዋ በሆዷ ይዛ ለእኔ ማጣበቂያ ስታማስል ነበር። እኔ ደግሞ «ቶሎ በይ» እላት ነበር።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ቅሬው ሲሰበሰብ ተነሥቼ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ጠየቅሁ። የሞተው ሰው እናት ወይም ሚስት መርዶው ከመነገሩ በፊት በራሷ ካወቀች፣ ለብቻዋ እንዳትተው፣ አንዲት ሴት አብራት እንድትቀመጥ። የቀረውን ደንብ አልነካሁትም። አንዳንድ ሰው «አንተ እንዲህ ከደረሰብህ በኋላ ለምን አታስቀረውም?» ብሎኛል። ማስቀረት አልቻልሁም። ወደ ጋሸና ሄጄ ቢሆን፣ አቧራው ላይ፣ ሾፌርና ረዳት እያየኝ እወድቅ ነበር። ሦስቱን ቀን የሰጡኝ ሰዎች ክፉ አላደረጉብኝም። ግን ደግሞ ሁሉም እያወቀ እኔ ብቻዬን ደስ ብሎኝ መዋሌን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ሁለቱም ስሜት በውስጤ አለ፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣውም።

በዚህ ዕድሜዬ ለአባቶች የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምክር ስወድ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ይህንንም ምክር ብላችሁ ታገሡኝ። ለልጃችሁ የምትሉት ነገር ካለ እስኪመጣ አትጠብቁ። እኔ በዚያ ዘመን የሰፈሩን እናቶች ቃል ለልጆቻቸው ስጽፍ ኖሬአለሁ። «ልጄ፣ ናፍቀኸኛል» እያልሁ በሌላ ሰው ስም ስንት ወረቀት ሞላሁ። የገዛ ልጄ ሁለት ደብዳቤ ጻፈልኝ። ለሁለቱም መልስ አላገኘም። ብዕርም ነበረኝ፣ ወረቀትም ነበረኝ፣ ወደ አስመራ የሚሄድ ወታደርም በየሳምንቱ በደጃችን ያልፍ ነበር።